የእትዬ ከይሪያ የውሰት ጣሳዎች

አንድ ከተማ ከተማ ለመባል ሦስት ነገር ይበቃዋል፤ ገበያ፣ እስር ቤትና ምንም ነገር የማይጥል አንድ ሰው። ገበያ የሌለው ከተማ አለ ቢሉን እናምናለን። እስር ቤት የሌለውም ይኖር ይሆናል። ምንም የማይጥል ሰው የሌለበት ከተማ ግን እስካሁን አልተገኘም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ወይ ጎረቤታችሁ ነው፣ ወይ አክስታችሁ ናት። የተሰበረ ጃንጥላ አልጋ ሥር፣ አንድ እግር ጫማ ቆጥ ላይ፣ ቡሽ የሌለው ጠርሙስ መስኮት ላይ ያስቀምጣል። «ይሄን ለምን አትጥለውም?» ስትሉት እናቱን የሰደባችሁበት ያህል ያያችኋል። «ይፈለጋል» ይላል። የሚያናድደው ደግሞ፣ እውነትም ይፈለጋል።

በሥልሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ጋምቤላ ላይ ይህን ሹመት ይዘው የነበሩት ክብርት ወይዘሮ ከይሪያ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህ ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ጃንጥላና ጫማ አይንቁም፤ ልባቸው ያለው ግን ቆርቆሮ ላይ ነው። የላምባ ታኒካ፣ የዘይት ታኒካ፣ የወተት ዱቄት ጣሳ፣ የብስኩት ቆርቆሮ፣ የሳርዲን ጣሳ፣ ምኑ ቅጡ። በባሮም ይምጣ በመኪና፣ በአውሮፕላንም ይውረድ፣ ጋምቤላ የገባ ጣሳ ሁሉ ሆዱ ባዶ ሲሆን ወዴት እንደሚሄድ ራሱ ያውቀዋል።

ባላቸው ሀያቱ ከሱዳን በሚመጡት መርከቦች ላይ ዕቃ ተረካቢ ነበሩ። መርከቦቹ ቀሩ፤ እሳቸውም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። ለሚስታቸው የተዉላቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በሚያስገባው መንገድ ዳር አንድ ቦታና አንድ ቁልል ባዶ ታኒካ ነው። እትዬ ከይሪያ ታኒካውን በመቀስ እየቀደዱ፣ በመዶሻ እያቃኑ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱን ባንዱ ላይ እየደረቡ አጥር አጠሩ። ከአጥሩ ጋር አያይዘው ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጡባትን ሱቅ ሠሩ። የሚተኙትም እዚያችው ሱቅ ውስጥ ነው። ላሟም፣ መርከቡም፣ ሕፃኑን ያቀፈችው ሴትዮም፣ በየቆርቆሮው ላይ ያለው ሥዕል ሁሉ አጥሩ ላይ ስላለ መንገደኛ እያየ፣ ፊደል የቆጠረውም እያነበበ ያልፋል።

«ለምን በሸምበቆ አላጠሩትም?» ብሎ የጠየቃቸው ሰው ሞልቷል።

«ጋምቤላ ላይ እንጨት ማለት ለምስጥ የቀረበ ምሳ ነው» ይላሉ። «እኔ ምስጥ ልቀልብ አልመጣሁም።»

ረታ ከጎሬ የወረደ የጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበር። እጁ ጥሩ ይጽፋል፤ አፉ ብዙ አይናገርም። በመጣ በሳምንቱ ወባ ጣለው። በሦስተኛው ቀን በሩን ሳያንኳኩ አንዲት ሴት ገቡ። በአንድ እጃቸው የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ትኩስ የዓሣ ሾርባ፣ በሌላው እጃቸው ከትንሽ ጣሳ የተሠራ ኩራዝ ይዘዋል።

«ጠጣ» አሉት። «ደገኛ ቆላ ሲወርድ መጀመሪያ ሰላም የሚለው ወባ ነው። ቀጥሎ እኔ።»

ረታ ጠጣ፤ ላበው፤ ተኛ፤ ዳነ። እግሩ ሲጠና ወደ ሱቋ ሄዶ፣ «እትዬ ከይሪያ፣ ስለሰጡኝ ነገር ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«ሾርባውን ሰጠሁህ» አሉት። «ጣሳውና ኩራዙ የውሰት ናቸው። ያዋስኩህ እንጂ የሰጠሁህ አይደለም። ልዩነቱን እወቅ።»

«ታዲያ አሁን ላምጣልዎት?»

«ጠየቅኩህ?»

ከዚያ በኋላ ነው ረታ ከተማው ሁሉ በእትዬ ከይሪያ ውሰት እንደሚኖር ያየው። የእህል ገበያውን ብንወስድ፣ አንዳንድ ሻጭ አለ፣ የመስፈሪያውን ጣሳ ቂጥ ከሥር በመዶሻ መታ መታ ያደርግና ወደ ውስጥ ያጎብጠዋል። ሲያዩት ሙሉ ነው፤ ቤት ሲደርስ ግን እፍኝ ይጎድላል። ስለዚህ ገዢው ሁሉ፣ «በከይሪያ ጣሳ ስፈርልኝ» ይላል። ያቺ አንዲት ጣሳ ቂጧ ደልደል ያለ ነው፤ ከሻጭ ሻጭ ስትዞር ትውላለች። ትምህርት ቤት ደግሞ መምህርት ልድያ ማንጎ ዛፍ ላይ ያንጠለጠለቻት የላምባ ታኒካ አለች። በብሎን ስትመታት ልጆቹ ይገባሉ፤ ስትመታት ይወጣሉ። ወንዝ ዳር ማሽላው ሲያፈራ ወፍ የሚያባርረው ጠጠር ያለበት የከይሪያ ጣሳ ነው። አይጥ እንዳይወጣ በየጎተራው እግር የተጠቀለለው ልሙጥ ቆርቆሮ የከይሪያ ነው። ዓሣ አጥማጁ ኦቹዶ ታንኳው ተሰንጥቆ ሊጥለው ሲል፣ ስንጥቁን በዘይት ታኒካ ቆርቆሮና በሬንጅ የደፈኑለት እሳቸው ናቸው።

ለሁሉም ታዲያ አንድ ቃል ነው ያላቸው። «ያዋስኩህ እንጂ የሰጠሁህ አይደለም።»

ቅዳሜ ቅዳሜ ክብርት ወይዘሮ ከይሪያ ጉብኝት ይወጣሉ። ሰላምታቸው ለሰው አይምሰላችሁ፤ ለጣሳው ነው። «ጣሳዬ እንዴት ሰነበተ?» ይላሉ። ገልብጠው ያዩታል፤ በጣታቸው ኳ ያደርጉታል፤ የተሰረጎደ ካገኙ ያ ሰው ሳምንቱን ሙሉ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ኦቹዶን እንኳ ወንዝ ድረስ ወርደው ይጠይቁታል።

«ቆርቆሮዬስ?»

«ደህና ናት፣ እማማ ከይሪያ። ዓሣዎቹም ሰላም ብለውሻል።»

የጉብኝቱ መጨረሻ ረታ የሚሠራበት ቢሮ ነበር። እዚያ አይገቡም። በመስኮቱ አንገታቸውን ብቅ አድርገው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የግርማዊነታቸውን ሥዕል ቀና ብለው ያያሉ፤ ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ይሄዳሉ። የረታ አለቃ አቶ ዘውዱ ይህን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። «እይ እስቲ» ይሉታል ረታን፣ «ምን ያለች ታማኝ ሴት ናት። ሳትሰግድ አታልፍም።»

ረታ ግን እውነቱን ያውቃል። እትዬ ከይሪያ የሚያዩት ፍሬሙን ነው። ካቻምና የእንጨቱን ፍሬም ምስጥ በልቶ ሥዕሉ አንድ ጠዋት ከነዱቄቱ ዱብ ሲል፣ አቶ ዘውዱ ደንግጠው ማንም ሳያይ ረታን በጓሮ ላኩት። እትዬ ከይሪያም ውስጡ እንደ ወርቅ ከሚያብረቀርቅ የብስኩት ቆርቆሮ ፍሬም ሠርተው በማግሥቱ ሰጡት። ይቅርታ፣ አዋሱት። አቶ ዘውዱ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ፣ «ይሄ ፍሬም ከአዲስ አበባ ያስመጣነው ነው» ይሉ ነበር። እትዬ ከይሪያ ይህን ሰምተዋል። እሳቸው ነገርም አይጥሉም፤ ያስቀምጣሉ።

እንግዲህ በግንቦት መጀመሪያ ላይ ወሬ መጣ። ትልቅ እንግዳ ቅዳሜ በአውሮፕላን ይወርዳል። ወዲያው የመንገድ ማሳመሪያ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሊቀ መንበሩ አቶ ዘውዱ፣ ጸሐፊው ረታ። ኮሚቴው መንገዱን ከላይ እስከ ታች ተመላለሰበትና አንድ እንከን አገኘ። የእትዬ ከይሪያ አጥር።

«እንግዳው ከአውሮፕላን ወርዶ መጀመሪያ የሚያየው የዘይት ማስታወቂያ ሊሆን ነው?» አሉ አቶ ዘውዱ። «አጥሩም ሱቁም ይነሳ። በቦታው ያማረ ቀርከሃ ይተከል። ጻፍ።»

ረታ ፊት ለፊት ሰው ሲያናግር ይፈራል፤ ወረቀት ላይ ግን ብዕሩ ከልቡ ይበልጥ ይደፍራል። አጥርና ሱቅ ብቻ ብሎ መተው ለደብዳቤ ያነሰ መሰለው። ስለዚህ እንዲህ ብሎ ጻፈ፤ «በከተማው ክልል ውስጥ የሚገኝ የወይዘሮ ከይሪያ ማናቸውም ቆርቆሮ፣ ጣሳና ታኒካ እስከ ሐሙስ ቀትር ድረስ ተጠራርጎ ይነሳ።» አቶ ዘውዱ «ተጠራርጎ» የምትለዋን በጣም ወደዷት። ማኅተም መቱበት።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ረታ ደብዳቤውን ይዞ ሄደ። እትዬ ከይሪያ ጨው እየሰፈሩ ነበር። ቆመው ሰሙት። አንብቦ ሲጨርስ ጨዋቸውን ወደ ጆንያው መለሱ።

«ሱቄን አፍርሼ የት ነው የምተኛው?» አሉት።

ረታ ደብዳቤውን ማጠፍ ጀመረ።

«አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ታዝዤ ነው፣ እትዬ።»

«እጅህ ያምራል። ያን መስመር ድገመው።»

ደገመው።

«ማናቸውም ይላል?»

«ይላል።»

«አጥሬን ብቻ አይልም? በከተማው ክልል ውስጥ ይላል?»

«እንደዚያ ነው የሚለው።»

«መልካም። መንግሥት አንሺ ካለ አነሳለሁ።» ከምስማር ላይ ባዶ ጆንያና ጉጠት አወረዱ። ረታን ቀለል አለው፤ አንድ ጭቅጭቅ አለፈ ብሎ የአጥሩ በር ጋ ሲደርስ ከኋላው ጠሩት። «ረታ። ኩራዜን አዘጋጅ። አንተ ጋ ሐሙስ ነው የምመጣው።»

ማክሰኞ ገበያው ላይ ጀመሩ። እጃቸውን ዘረጉ፤ መስፈሪያዋን ተቀብለው ጆንያ ውስጥ ከተቱ። «የመንግሥት ትእዛዝ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲያ የቀረው ጣሳ ሁሉ ቂጡ የጎበጠ ነው። ገዢው በዚያ አልሰፈርም አለ፤ ሻጩ በእፍኝ አልሸጥም አለ፤ ቀትር ላይ ገበያው ከነእህሉ ተበተነ። ጎተራዎቹ ጋ ሄደው ከየእግሩ ላይ ቆርቆሮውን ፈቱ። አይጦቹ ደብዳቤውን ያነበቡ ይመስል በዚያው ቀን ወጡበት። ረቡዕ ማንጎው ላይ ያለችውን ታኒካ አወረዱ። መምህርት ልድያ ልጆቹን በጭብጨባ ልትጠራ ሞከረች፤ ልጆቹ መልሰው አጨበጨቡላት፤ ወደ ክፍል የገባ ግን አልነበረም።

ክሊኒኩ ብቻ ተረፈ። ድሬሰሩ መርፌ የሚቀቅልባትን ጣሳ እየሰጣቸው፣ «ደብዳቤው ማናቸውም ነው አሉ የሚለው» አላቸው። እትዬ ከይሪያ ጣሳዋን አይተው፣ ታማሚዎቹን አይተው መለሱለት። «ደብዳቤ ጻፊውን ወባ ሲይዘው መርፌ በምን ይቀቀልለት?» አሉ። ረታ ይህን ሲነግሩት ጆሮው ድረስ ጋለ።

ኦቹዶን አልጠየቁትም። ራሱ ነው የመጣው፤ ረቡዕ ማታ መቅዘፊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ኮሚቴው ፊት ቆመ። ለእንግዳው ምሳ ዓሣ የሚያመጣው እሱ ነበር።

«ዓሣ የለም» አለ።

«እንዴት የለም?» አሉ አቶ ዘውዱ። «ባሮ ደረቀ?»

«ባሮ አለ። ታንኳዬ ላይ ያለችው ቆርቆሮ የእማማ ከይሪያ ናት። ከነቀልኳት ታንኳዋ ትሰምጣለች። ካልነቀልኳት ደብዳቤውን ጣስኩ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።» መቅዘፊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ተቀመጠ።

በዚያች ሌሊት ረታ ኩራዙን አብርቶ አየው። የከተማውን መከራ ያመጣው የራሱ ብዕር እንደሆነ ገባው። የእትዬ ከይሪያ ጆንያ ቢሞላም አጥራቸው አልዳነም። ሐሙስ ቀትር ሲሆን ሱቋን የሚያፈርሱት አራት የቀን ሠራተኞች ዶማቸውን ይዘው ተቀጥረዋል።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ እትዬ ከይሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ በቢሮው በር ገቡ። ጆንያው ከኋላቸው እየተንኳኳ ይጎተታል። መስኮቱ ጋ ልድያና ኦቹዶ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ግማሹ ገበያ ቆሟል።

«ወይዘሮ ከይሪያ፣ ከተማውን ምን እያደረጉት ነው?» አሉ አቶ ዘውዱ።

«እየታዘዝኩ ነው፣ አቶ ዘውዱ። ታዛዥ ሴት ነኝ።» ጉጠታቸውን አንሥተው ወደ ግድግዳው አመለከቱ። «ያቺ ቀርታኛለች።»

«የቷ?»

«ፍሬሟ። ግርማዊነታቸው የሁላችንም ናቸው። ፍሬሟ የእኔ ናት። ከአዲስ አበባ መጣች የሚባለውን ሰምቻለሁ፤ ከጀርባዋ ቢያዩ የብስኩቱ ስም አለ። ያዋስኩዎት እንጂ የሰጠሁዎት አይደለም።»

መስኮቱ ጋ አንድ ሰው ሳለ። ሳል ግን አልነበረም።

አቶ ዘውዱ ደብዳቤያቸውን አዩ፤ ማናቸውም ይላል፤ ማኅተሙም የራሳቸው ነው። «ረታ» አሉ። «እንግዲህ ሥዕሉን አውር...» ቃሉ አፋቸው ላይ ደረቀ። በዚያ ዘመን ሥዕሉን አውርድ የሚል ቃል በሰው ፊት ከአፉ ያወጣ አልነበረም፤ ያውም ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው።

ረታ ተነሣ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአቶ ዘውዱ «እሺ» ካልሆነ ሌላ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ድምፁ፣ ከየት እንደመጣ እንጃ፣ እንደ ታኒካ ጠርቶ ወጣ።

«በጽሑፍ ይዘዙኝ፣ ጌታዬ።»

«ምን አልክ?»

«ሥዕሉ እንዲወርድ። በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም። ለፋይል ያስፈልገኛል።»

ንጹሕ ወረቀት አምጥቶ ፊታቸው አስቀመጠ። ብዕሩን ከላይ አደረገበት። አቶ ዘውዱ ወረቀቱን አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ መስኮቱን አዩ። እትዬ ከይሪያ ጉጠቱን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ያደርጉታል።

«ለመሆኑ» አሉ አቶ ዘውዱ በመጨረሻ፣ «ቀርከሃ እዚህ አገር ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ምስጡን ይጠይቁት» አሉ እትዬ ከይሪያ።

«እህ። እንግዲህ፣ አጥሩም ሱቁም ይቆይ። ደብዳቤው ተሽሯል።»

«በጽሑፍ» አሉ እትዬ ከይሪያ።

ረታ ብዕሩን አነሣ። በሕይወቱ እንደዚያን ቀን አጭር ደብዳቤ ጽፎ አያውቅም። አንድም ትልቅ ቃል አልጨመረበትም።

ጆንያው ተፈታ፤ ሁሉም ውሰቱን ተቀብሎ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ማንም ሳይጠራቸው ተበዳሪዎቹ ሁሉ አጥሩ ጋ ተሰበሰቡ። በባሮ አሸዋና በአመድ ፈተጉት። የጎተራ ባለቤቶቹ ላሟን፣ የልድያ ተማሪዎች መርከቡን፣ ገበያተኛው ሕፃኑን ያቀፈችውን ሴትዮ አጠቡ። ቅዳሜ ፀሐይ ስትወጣበት ዓይን አያስከፍትም ነበር። እንግዳው መጣ፤ በመኪና አለፈ። እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ አጥሩንም ኮሚቴውንም አላየም። የኦቹዶን ዓሣ ግን በደንብ በላ ይባላል።

ረታ ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት ቆይቶ ወደ ጎሬ ተዛወረ። በሚሄድበት ጠዋት ኩራዙንና የሾርባዋን ጣሳ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሱቋ ሄደ።

«ምንድነው ያመጣኸው?» አሉት።

«ውሰትዎን ልመልስ ነው፣ እትዬ።»

«ጠየቅኩህ?»

«መሄዴ ነው እኮ።»

ጣሳዋን ተቀበሉ። ገልብጠው አዩ፤ ኳ አደረጓት፤ መደርደሪያ ላይ አኖሯት። ኩራዙን መልሰው እጁ ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን ያዘው። ያዋስኩህ እንጂ የሰጠሁህ አይደለም። አንድ ቀን እጠይቅሃለሁ። ያን ጊዜ ራስህ ይዘኸው ትመጣለህ። በሰው እጅ ቢላክ አልቀበልም።»

ረታ መኪናው ዳገቱን ጀምሮ ባሮ ከኋላ እስኪሰወር ድረስ ነገሩ አልገባውም ነበር። ሲገባው አብሮት የተሳፈረው ሰው፣ «ዓይንህ አቧራ ገባበት?» አለው። «አዎ» አለ።

ጎሬ ላይ አዲሱ አለቃው ንጽሕና ወዳድ ናቸው። መብራት ባለበት ቢሮ፣ ጠረጴዛ ላይ፣ ጥላሸት የጠጣ የጣሳ ኩራዝ ሲያዩ አልዋጥላቸው አለ።

«ይሄን ዝገት ለምን አትጥለውም?» አሉት።

«አይጣልም፣ ጌታዬ» አለ ረታ።

«ጣለው እያልኩህ እኮ ነው።»

ረታ ንጹሕ ወረቀት ስቦ ብዕሩን ከላይ አስቀመጠና ወደ አለቃው ገፋ አደረገላቸው።

«የሰው ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ይፈለጋል።»